«ነዳ» እና «አስነዳ»፦ ስለ ላይኛው አየር ነፋስና ስለ ፕላዝማ ጉዞ በተዘጋጀ የአማርኛ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

1. መነሻ

በሙያ ቃላት ሥራ ውስጥ ሥር የሰደደ አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም ድካሙ ሁሉ በስሞች ላይ ማረፉ ነው። አንድ የሳይንስ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሊመለስ ሲታሰብ አስቀድመው የሚዘረዘሩት ስሞች ናቸው፤ ስብሰባ የሚጠራውም ክርክር የሚካሄደውም በእነርሱ ላይ ነው። «ፕላዝማ» እንዳለ ይወሰድ ወይስ ይተርጎም? «ፊልድ» መስክ ይባል ወይስ ሜዳ? ግሡ ግን ማንም ሳይጠይቀው ከደጅ እስከ ጓዳ ያልፋል። ግሥ የጋራ ሀብት ነው፤ የሙያ ቃል አይደለም ተብሎ ስለሚታሰብ ተርጓሚው ከአፉ የመጣለትን ይጽፋል። ይህ አስተያየት እንዲህ ያለው ልማድ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በአንድ ረቂቅ ላይ ለማሳየት የሚሞክር ነው።

በቅርቡ ለግምገማ በእጃችን የገባው ረቂቅ፣ በመግነጢሳዊው ወገብ በላይ ባለው አዮኖስፌር ውስጥ የላይኛው አየር ነፋስ የፕላዝማን እንቅስቃሴ እንዴት እንደሚወስን የሚያስረዳ ትርጉም ነው። ከጀርባው የቃላት ዝርዝር ተያይዞለታል። ሥራው ገና ረቂቅ ስለሆነ የተርጓሚውን ስም አንጠቅስም፤ የምንተቸውም ሰውየውን ሳይሆን ጽሑፉን ነው። ትጋቱ የሚመሰገን፣ አማርኛውም ያልተንዛዛ መሆኑን አስቀድመን እንመሰክራለን። ይሁን እንጂ ዝርዝሩ ወደ መዝገበ ቃላት፣ ከዚያም ወደ ማስተማሪያ መጽሐፍ ሊሻገር የታቀደ በመሆኑ ስሕተቱ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ታጥሮ የሚቀር አይሆንም። መዝገበ ቃላት የገባ ስሕተት ደግሞ ከመዝገበ ቃላት እስኪወጣ ድረስ ብዙ ትውልድ ይማርበታል።

2. ነገሩ ራሱ

ቃሉን ለመመዘን ነገሩን ማወቅ ግድ ነው። ከምድር በላይ ከ60 ኪሎ ሜትር ገደማ አንሥቶ የፀሐይ ጨረር የአየሩን ቅንጣቶች እየመታ ኤሌክትሮን ያስለቅቃቸዋል። በዚህ አኳኋን የተገኘው የአዮንና የኤሌክትሮን ቅይጥ ፕላዝማ ይባላል። ነገር ግን አየሩ በሙሉ ፕላዝማ ሆነ ማለት አይደለም። ፕላዝማው እጅግ በሚበዛበት በ300 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ እንኳ በአንድ አዮን አንጻር ሙል የሌላቸው አንድ ሺሕ ያህል ቅንጣቶች ይገኛሉ። ስለዚህ በዚያ ከፍታ ሁለት ነገሮች በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ ብዙው ሙል-አልባ አየር ነው፤ ጥቂቱ ፕላዝማ ነው። ነፋስ የሚባለው የብዙው እንቅስቃሴ ነው።

ነፋሱና ፕላዝማው ግን አንድ ሕግ አይገዛቸውም። ሙል-አልባው አየር የምድርን መግነጢሳዊ መስክ አያውቀውም፤ ፕላዝማው ግን በመስኩ መስመር የታሰረ ነው፤ በመስመሩ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል እንጂ መስመሩን አቋርጦ እንደ ልቡ አይሄድም። በመግነጢሳዊው ወገብ ላይ እነዚህ መስመሮች ከደቡብ ወደ ሰሜን ተጋድመው ያልፋሉ። እንግዲህ ከደቡብ ወደ ሰሜን ወይም ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚነፍስ ነፋስ ፕላዝማውን በመስመሩ ላይ ይዞት ይሄዳል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ወይም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ግን መስመሩን ማቋረጥ ስለሚኖርበት በቀጥታ ሊወስደው አይችልም።

የነገሩ ረቂቅነት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ፣ በተለይም በታችኛው ወገን፣ አዮኖቹ ከአየሩ ቅንጣቶች ጋር አዘውትረው ስለሚጋጩ ነፋሱ ይጎትታቸዋል፤ ኤሌክትሮኖቹ ግን በመስኩ መስመር ታስረው ይቀራሉ። አንዱ ሄዶ ሌላው ሲቀር የሙል መለያየት ይፈጠራል፤ ከመለያየቱም የኤሌክትሪክ መስክ ይወለዳል። ይህም መስክ በመግነጢሳዊው መስመር ላይ ተሸጋግሮ ከወገቡ በላይ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ፕላዝማ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያንቀሳቅሰዋል። ቀን ቀን መስኩ ወደ ምሥራቅ ስለሚያመለክት ፕላዝማው በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሌሊት ይገለበጥና ይወርዳል።

ነፋስ በላይኛው አየር ውስጥ ኤሌክትሪክ ያመነጫል የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1882 ያቀረበው ባልፎር ስቱዋርት ነው። እርሱ የተነሣው የኮምፓስ መርፌ በየዕለቱ ለምን በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ እንደሚል ለማስረዳት ነበር። ነፋሱና ፕላዝማው በአንድ ጊዜ፣ በአንድ የመስክ መስመር ላይ ተለክተው ለመነጻጸር የበቁት ግን ከዚያ በኋላ ከ130 ዓመት በላይ ቆይተው ነው። ኦክቶበር 10 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው አይከን የተባለችው ሳተላይት በ600 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆና በዙሪያዋ ያለውን የፕላዝማ ፍጥነት ስትለካ፣ በዚያው መስመር ግርጌ ያለውን ነፋስ ደግሞ ከአየሩ ብርሃን ቀለም መዛባት ታነብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ውጤት በፕላዝማው ጉዞ ላይ ከቀን ወደ ቀን የሚታየው መለዋወጥ ከነፋሱ መለዋወጥ ጋር በጥብቅ የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ሳተላይቷ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ድምፅዋ ጠፍቷል።

3. የግሡ ነገር

ረቂቁ ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልሎታል፤ «የላይኛው አየር ነፋስ ፕላዝማውን ይገፋዋል» ይላል። አባባሉ በሰባት ቦታ ተደጋግሟል። ዓረፍተ ነገሩ ለጆሮ ይጥማል፤ ሰዋስዉም አልጎደለም። ነገር ግን በመላው ረቂቅ ውስጥ ከዚህ የከፋ ስሕተት አላገኘንም። ምክንያቱም አንባቢው የሚያስበው ነፋስ ደመናን እንደሚገፋ ነው፤ ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ቢሄድ ደመናውም ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ታዲያ በሚቀጥለው ገጽ ላይ ከጎን የነፈሰው ነፋስ ፕላዝማውን ወደ ላይ እንዳወጣው ሲነበብ አንባቢው ወይ ትርጉሙ ተሳስቷል ይላል፣ ወይ እኔ ደንቆሮ ነኝ ይላል። የሚበዛው አንባቢ ሁለተኛውን እንደሚል ከማስተማር ልምዳችን እናውቃለን።

ለዚህ ችግር መፍትሔው አዲስ ቃል መፍጠር አይደለም። አማርኛ ራሱ በግሡ እርባታ ውስጥ አስቀምጦታል። ሰዋስው ጸሐፊዎቻችን አድራጊና አስደራጊ እያሉ የለዩትን እናስታውስ። «እረኛው ከብቱን ነዳ» ስንል በትሩን ይዞ ከኋላ የሚሄደው እረኛው ነው። «ባለቤቱ ከብቱን በእረኛ አስነዳ» ስንል ግን ባለቤቱ ከቤቱ ሳይወጣ ከብቱ ይሄዳል፤ ፈቃዱ የባለቤቱ ነው፤ በትሩ የእረኛው ነው። በወገቡ ሰማይ የሚደረገውም ይኸው ነው። ነፋሱ ባለቤት ነው፤ የኤሌክትሪክ መስኩ እረኛ ነው፤ ፕላዝማው ከብቱ ነው። ስለዚህ «ነፋሱ ፕላዝማውን በኤሌክትሪክ መስክ ያስነዳዋል» ማለት ይገባል። ስፍራውም ይህንኑ ይመሰክራል። ሳተላይቷ በመግነጢሳዊው ወገብ ላይ በ600 ኪሎ ሜትር ከፍታ ለምትለካው ፕላዝማ ምክንያት የሆነው ነፋስ የሚገኘው በዚያው መስመር ግርጌ፣ ከወገቡ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ ገደማ ርቆ ነው። ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ «መግፋት» አይቻልም፤ «ማስነዳት» ግን ይቻላል።

«አስ-» ሁልጊዜ መካከለኛ አድራጊን አያመለክትም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ትክክለኛም ተቃውሞ ነው። «ነፋሱ አቧራ አስነሣ» ስንል በነፋሱና በአቧራው መካከል ሦስተኛ ወገን የለም። «ሕፃኑን አስለቀሰው» ስንልም እንዲሁ። ልዩነቱን የሚወስነው መነሻው ግሥ ነው። ግሡ ተሳቢ የማይሻ ሲሆን «አስ-» ራሱን አድራጊውን ሊያስገባ ይችላል፤ ግሡ አስቀድሞ ተሳቢ የሚሻ ሲሆን ግን፣ ገደለና አስገደለ፣ አረሰና አሳረሰ፣ ነዳና አስነዳ እንደሚያሳዩት፣ በመካከል ሌላ እጅ መኖሩን ሰሚው ሁሉ ያውቃል። ከዚህ የተነሣ «አስነሣ» እና «አንቀሳቀሰ» ለዚህ ጉዳይ አይበቁም፤ «አስነዳ» ግን ይበቃል።

የዚህ አመራረጥ ጥቅም ሁለቱንም የነፋስ ሥራ ለይቶ ማስቀመጡ ነው። በመስመሩ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ ወይም በተቃራኒው የሚነፍሰው ነፋስ ፕላዝማውን ይነዳዋል፤ መስመሩን አቋርጦ የሚነፍሰው ያስነዳዋል። ሁለት ክስተት፣ አንድ ሥር፣ ሁለት እርባታ። ተማሪው ግሡን በሰማ ጊዜ የትኛው ነፋስ እንደሆነ ያውቃል።

እዚህ ላይ ረቂቁን ያሳሳተው ሳይሆን አይቀርም ብለን የምንጠረጥረውን አንድ ወጥመድ እንጠቁም። ሌሊት በከፍተኛው ክፍል ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ሲነፍስ ፕላዝማውም ወደ ምሥራቅ፣ በሰከንድ 100 ሜትርና ከዚያም በላይ በሆነ ፍጥነት ይጓዛል። አቅጣጫቸው አንድ ስለሆነ «ገፋው» ማለት ትክክል ይመስላል። ነገር ግን እዚህም ነፋሱ በመጀመሪያ ወደ ታች የሚያመለክት የኤሌክትሪክ መስክ ያስገኛል፤ ፕላዝማውን ወደ ምሥራቅ የሚወስደው ይህ መስክ ነው። ቀን ይህ የማይሆነው የታችኛው ክፍል ኤሌክትሪክን በሚገባ ስለሚያስተላልፍ መስኩን አጭር መንገድ ሰጥቶ ስለሚያጠፋው ነው። ሄንሪ ሪሽቤት እ.ኤ.አ. በ1971 ያብራራው ይህንኑ ነበር። ነፋሱ ነድቶት ቢሆን ኖሮ ቀንም ሌሊትም በነዳው ነበር። እረኛና ከብት ወደ አንድ አቅጣጫ ሄዱ ማለት ባለቤቱ አብሮ ሄደ ማለት አይደለም።

4. የትኛው ወገብ?

ሁለተኛው ጉድለት ይበልጥ የሚያስቆጨን ነው። ረቂቁ «የምድር ወገብ» የሚለውን ስያሜ ያለ ልዩነት ተጠቅሞበታል። የምድር ወገብ ግን በናይሮቢ ሰሜን በኩል ኬንያን አቋርጦ የሚያልፍ መስመር ነው። እዚህ የሚነገርለት ክስተት የሚከተለው ይህን መስመር ሳይሆን መግነጢሳዊውን ወገብ ነው። ሁለቱ አይገጣጠሙም። በፔሩ መግነጢሳዊው ወገብ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 12 ዲግሪ ገደማ ያልፋል፤ ከሊማ አጠገብ ያለው የሂካማርካ ራዳር የተተከለው በዚሁ ምክንያት ነው። በአፍሪካ ደግሞ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1957–58 ከተካሄደው የዓለም አቀፍ ጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር በተያያዘ በአዲስ አበባ የመግነጢስ መለኪያ ጣቢያ ሲቋቋም ቦታውን ተፈላጊ ያደረገው ይህ ቅርበት ነው።

እንግዲህ ረቂቁን የሚያነብ የባሕር ዳር ወይም የአዲስ አበባ ተማሪ ስለ ሩቅ አገር ሰማይ የሚነገረው ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን በራሱ ላይ፣ በየቀኑ የሚደረግ ነው። ፀሐይ ከገባች በኋላ በፕላዝማው ውስጥ የሚፈጠሩት አረፋ መሰል ክፍተቶች የሳተላይት መልእክትን የሚያንቀጠቅጡትና የቦታ መጠቆሚያ መሣሪያን የሚያሳስቱት በዚሁ ሰማይ ላይ ነው። አንድ ቅጽል ቢጓደል አንድ አገር ከካርታው ወጣ ማለት ነው። በዚህ ጥፋት እኛም ነጻ አይደለንም። ከዓመታት በፊት ለአንድ የትምህርት ጽሑፍ አስተያየት ስንሰጥ፣ ለአንድ የውጭ ቃል አንድ አማርኛ ይበቃል በሚል መርሕ «የምድር ወገብ» በሁሉም ቦታ እንዲገባ ደግፈን ነበር። መርሑ ለጽዳት ጥሩ ነው፤ ለእውነት ግን ሁልጊዜ አይደለም። አሁን «የምድር ወገብ» እና «መግነጢሳዊ ወገብ» ተብለው በተለያዩ መግቢያዎች እንዲመዘገቡ እናሳስባለን።

5. ከምሥራቅ ወይስ ወደ ምሥራቅ?

በአማርኛ «የምሥራቅ ነፋስ» ሲባል ከምሥራቅ የሚመጣ ነፋስ ነው። የአየር ጠባይ ባለሙያዎችም ነፋስን በመነሻው ይጠሩታል። የላይኛው አየር ተመራማሪዎች ግን ነፋሱንም ፕላዝማውንም በመድረሻቸው ይጠራሉ። ተርጓሚው ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን ነፋስ «የምሥራቅ ነፋስ» ብሎ ሲጽፍ ሳያውቀው ምልክቱን ገልብጦታል። በዚህ መስክ የተገለበጠ ምልክት ቀላል አይደለም። የኤሌክትሪክ መስኩ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ፕላዝማው ይወጣል፤ ወደ ምዕራብ ከሆነ ይወርዳል። ስለዚህ ዘርፍ አያያዡን «የ» ትቶ «ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ነፋስ»፣ «ወደ ምሥራቅ የሚያመለክት መስክ» ማለት ይበጃል። ይረዝማል፤ ግን አይዋሽም።

6. ስለ ጥቂት ስሞች

«ገለልተኛ ነፋስ»። ረቂቁ ሙል የሌለውን አየር እንዲህ ብሎታል። ገለልተኛ ማለት በአማርኛ ከጠብ የራቀ፣ ወገን ያልያዘ ማለት ነው። እስካሁን እንዳየነው ግን ይህ ነፋስ በነገሩ ሁሉ እጁን ያስገባ ነው። «ሙል-አልባ» የሚለው የማያሻማ ስለሆነ እርሱን እንመርጣለን።

«ኢ-ክፍል»። የአዮኖስፌር ክፍሎች በላቲን ፊደላት ይጠራሉ። ከ90 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ያለው በረቂቁ ውስጥ «ኢ-ክፍል» ተብሎ በጭረት ተጽፏል። አማርኛ አንባቢ ግን ኢ-ሰብአዊ፣ ኢ-ፍትሐዊ ማለትን የለመደ ስለሆነ «ክፍል ያልሆነ» ብሎ ያነበዋል። ጭረቱ ቀርቶ ፊደሉ በትእምርተ ጥቅስ ይለይ፤ «ኢ» ክፍል፣ «ኤፍ» ክፍል ይባል።

«የፕላዝማ ምንጭ»። በወገቡ ላይ የወጣው ፕላዝማ በከፍታ ቆይቶ በስበትና በግፊት ምክንያት በመስኩ መስመሮች ላይ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ከወገቡ ግራና ቀኝ በ15 ዲግሪ ገደማ ይከማቻል። ይህን ክምችት ኤድዋርድ አፕልተን እ.ኤ.አ. በ1946 ገልጾታል። የውጭው ስያሜ ወደ ላይ ተረጭቶ የሚመለስን ውኃ የሚያስታውስ ነው። «ምንጭ» ግን ሁለት ጊዜ ያሳስታል፤ አንደኛ የአገራችን ምንጭ ይፈልቃል እንጂ ወደ ላይ ተወርውሮ አይመለስም፤ ሁለተኛ «ምንጭ» መገኛም ማለት ስለሆነ ፕላዝማው ከዚያ የተገኘ ያስመስላል። የፕላዝማው መገኛ የፀሐይ ጨረር ነው፤ ይህ ክስተት ያለውን ያዛውራል እንጂ አይፈጥርም። «ፏፏቴ» ደግሞ መውረዱን እንጂ መውጣቱን አይናገርም። እኛ «የፕላዝማ ሽቅብ-ቁልቁል ጉዞ» የሚለውን እናቀርባለን።

«ፍሰት»። ረቂቁ ለፕላዝማው ጉዞም ለኤሌክትሪኩም አንድ ቃል ሰጥቷል። ሁለቱ ግን ተቃራኒ ናቸው ለማለት ይቻላል። በከፍተኛው ክፍል አዮኑና ኤሌክትሮኑ አብረው በእኩል ፍጥነት ስለሚሄዱ ጉዞ አለ፤ የኤሌክትሪክ ጅረት ግን የለም። በታችኛው ክፍል ግን ስለሚለያዩ ጅረት ይኖራል። እንግዲህ አብረው ሲሄዱ «ጉዞ»፣ ተለያይተው ሲሄዱ «ጅረት» ይባል። «ጉዞ» የተለመደና ልል ቃል መሆኑን አንሸሽግም፤ ነገር ግን «መንሳፈፍ» ቅለትን፣ «ፍልሰት» ቤት መልቀቅን ስለሚያስገባ ልል ሆኖ የማያሳስተውን እንመርጣለን።

«ዲናሞ»። ተርጓሚው ይህን ቃል ጥሎ «የኤሌክትሪክ ማመንጫ ክስተት» በሚል ሐረግ ተክቶታል። አልተስማማንም። ዲናሞን የብስክሌት ባለቤትና የጋራዥ ሠራተኛ ያውቀዋል፤ በነፋስ የሚዞር ዲናሞም ለማሰብ አያስቸግርም። የውኃ መሳቢያውን ሞተር ጭምር ዲናሞ የሚሉ ብዙዎች መሆናቸው ጉድለት መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ለእኛ ግን መልካም አጋጣሚ ነው። በላይኛው አየር ውስጥ ነፋሱ ፕላዝማውን ሲያስነዳ፣ ፕላዝማውም በበኩሉ ነፋሱን ይጎትተዋል፤ አንዴ አመንጪ፣ አንዴ ተጎታች ይሆናሉ። ሕዝቡ ለሁለቱ አንድ ስም መስጠቱ ከምሁሩ ሐረግ የተሻለ ፊዚክስ ነው።

7. ማጠቃለያ

የተሰነዘረው ሂስ ረቂቁ ይጣል ለማለት አይደለም። ሰባቱ «ይገፋዋል» እንደየቦታቸው ወደ «ይነዳዋል» ወይም ወደ «ያስነዳዋል» ቢለወጡ፣ ወገቡ ከነቅጽሉ ቢጻፍ፣ አቅጣጫው ከመድረሻው ቢጠራ ጽሑፉ ለኅትመት ይበቃል። ሥራው የሁለት ሳምንት እንጂ የሁለት ዓመት አይደለም።

ለቃላት ዝርዝር አዘጋጆች ግን ከዚህ የሚዘልቅ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከእንግዲህ በሚዘጋጁ የሳይንስ ቃላት መዝገቦች ውስጥ ለእያንዳንዱ ክስተት ስም ብቻ ሳይሆን ግሡም አብሮ ይመዝገብ፤ ማን በማን ላይ፣ በምን አማካይነት እንደሚያደርግ ይገለጽ። ስም ነገሩን ይጠራዋል፤ ምክንያቱን የሚናገረው ግን ግሥ ነው። ሳይንስም በአመዛኙ የምክንያት ንግግር ነው። አማርኛ አድራጊንና አስደራጊን በአንድ ቅጥያ ለይቶ የመናገር አቅም ካለው፣ ይህን አቅም በከብትና በእረኛ ላይ ብቻ ትተን በሰማይ ላይ ሳንጠቀምበት መቅረታችን የቋንቋው ድህነት ተብሎ ሊቆጠር አይገባውም። የእኛ የተርጓሚዎቹና የመዝገበ ቃላት ሠራተኞቹ ቸልታ ነው።